ሁለተኛው ልኬት

ፎማ የጎመን ሾርባውን ከነሳህኑ ቲኾን ፊት ላይ ደፋው። ሾርባው ገና ከእሳት የወረደ ነበር። ቲኾን ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ፣ ጢሙ ላይ የተንጠለጠለውን ጎመን አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ዝም ብሎ ዳቦውን መብላት ቀጠለ። ፎማን ያበገነው ይሄ ዝምታው ነው። ሰው ሲሰድቡት ይሳደባል፣ ሲመቱት ይማታል፤ ዝም የሚል ሰው ወይ ቅዱስ ነው ወይ ወንጀለኛ። «ጽናት» በምትባለው መርከብ ላይ ደግሞ ቅዱስ ተሳፍሮ አያውቅም።

«ኧረ ማንቆርቆሪያ!» አለ ከወዲያ ጥግ አንዱ መርከበኛ። «ምነው፣ ተቃጠልክ እንዴ? ሙቅ ነገር መድፋት ያንተ ሙያ መስሎኝ!»

ሳቁ የመመገቢያ ክፍሉን ሞላው። ፎማ ግን አልሳቀም። የቲኾንን ማጅራት ጨምድዶ ፊቱን ከጠረጴዛው ጋር አላተመው፤ ደገመው። ሲደግመው አፍንጫው ሲሰበር ሁሉም ሰማ። ደሙ ዳቦው ላይ ፈሰሰ።

«ወንድሜን በልተኸዋል» አለው ጆሮው ሥር ተጠግቶ። «ስድስተኛው ጣቢያ ድረስ አየር ሳብ። ከዚያ በኋላ አያስፈልግህም።»

ግላፊራ ከጠረጴዛው ሌላ ጫፍ ተቀምጣ ታይ ነበር። የሟቹ የያኮቭ ሚስት ናት፤ ፎማ ደግሞ የያኮቭ ታናሽ ወንድም። በመርከቧ ላይ የባሕሩን ሙቀትና ጨው የምትለካው እሷ ናት። ቲኾን የተሰበረ አፍንጫውን ይዞ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ደስ አላት። ሰው እንዲህ ያለውን ደስታ አያወራውም እንጂ፣ ደስ አላት። ሾርባዋንም ጨርሳ ጠጣች።

ከሙርማንስክ ወደ ሰሜን በአንድ መስመር የተደረደሩ ጣቢያዎች አሉ። ጣቢያ ይባሉ እንጂ ካርታ ላይ ነጥብ፣ ባሕሩ ላይ ውሃ ብቻ ናቸው። አያቶች የለኩትን የልጅ ልጆች ይለኩታል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። መርከቧ ነጥቡ ላይ ትቆማለች፣ የናስ ቱቦዎች ረጅም የሽቦ ገመድ ላይ ተቆልፈው ወደ ጥልቁ ይወርዳሉ። እያንዳንዱ ቱቦ ከደረሰበት ጥልቀት ውሃ ዘግቶ ይመጣል፤ ጎኑ ላይ ያለው ቴርሞሜትርም የዚያን ቦታ ሙቀት በውስጡ ባለው ሜርኩሪ፣ በባዝቃው፣ ቆልፎ ይመለሳል። ገመዱን የሚያወርደውና የሚጠቀልለው ማሽን በቲኾን እጅ ነው። ባለፈው ክረምት የመርከቧ ጠርዝ ላይ ቆሞ ቱቦዎቹን ከገመዱ የሚፈታው ያኮቭ ነበር።

ያኮቭ በሞተበት ቀን በረዶው እየተወረወረ ሰው ጎረቤቱን አያይም ነበር። ያኮቭ አንዱን ቱቦ ሊፈታ ጎንበስ ባለበት ማሽኑ ተለቀቀ። ገመዱ ወደ ባሕሩ ሲምዘገዘግ ቱቦው የያኮቭን እጅጌ ይዞ ወረደ፤ ትከሻው ተገነጠለ፣ ጭንቅላቱ ከጠርዙ ብረት ጋር ተላትሞ ተከፈለ። እጅጌው ተቀዶ ባይለቀው ሬሳውም አይገኝም ነበር። ቲኾን «የማሽኑን እጀታ አልለቀቅኩም፤ ፍሬኑ ነው የከዳኝ» አለ። ከማሽኑ ሥር ግን ባዶ ማንቆርቆሪያ ተገኘ። «ሥራ ሳንጀምር የማሽኑን በረዶ ያቀለጥኩበት ነው» አለ። ይህንንም ያመነው የለም፤ ቴርሞሜትሩ መስክሮበታላ!

ያ ያኮቭን የገደለው ቱቦ ተጎትቶ ሲወጣ፣ ቴርሞሜትሩ ያ ጣቢያ በክረምት አሳይቶ ከሚያውቀው አንድ ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ። የጉዞው አለቃ ቫለሪያን ኦሲፖቪች፣ ያን ባሕር እንደ ኪሱ አውቀዋለሁ የሚል ሰው፣ ነገሩን ባንድ አፍታ ፈታው። ቱቦውን በረዶ ይዞታል፤ ቲኾን ሊያላቅቀው የፈላ ውሃ ደፍቶበታል፤ ባዝቃው በሙቀቱ ተሳስቷል። ውሃ የሚደፋ ሰው ደግሞ እጀታ አይዝም። በቃ። ምርመራው ያየ ሰው ስላጣ ቲኾን ከእስር ተረፈ። ያን አሮጌ ማሽን ከሱ ሌላ የሚያውቀው ስለሌለም ቦታው ላይ ቀረ። የዚያ ቀን ልኬት ግን ተበላሽቷል ተብሎ ተጣለ።

ግላፊራ አንድ ጥርጣሬ ብቻ ቀርቷት ነበር። ምናልባት ቴርሞሜትሩ ራሱ ታሞ ቢሆንስ? ወደ የብስ ላከችው፤ በበረዶ ውሃና በተለካ ሙቀት ፈትነው መለሱት። አንዳች እንከን የለበትም አሏት። መርከቧ ለዚህ ጉዞ ከመነሣቷ በፊት ወደቡ ላይ ለፎማ ነገረችው።

«ቴርሞሜትሩ ጤነኛ ነው።»

«እና?»

«እናማ ደፍቶበታል። ሌላ ምን ይሆናል?»

ፎማ ሲጋራውን በጫማው ደፈጠጠ። «እርግጠኛ ነሽ፣ ግላሻ? በኋላ እንዳታለቃቅሺብኝ።»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«ስድስተኛው ጣቢያ ላይ እንግዲህ። ያኮቭ የወደቀበት ላይ።»

ምን ማለቱ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። በማግስቱ ሻማ ገዝታ ለያኮቭ ነፍስ አበራች። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ማለት ይሄ ነው።

ለማንም ያልነገረችው ሌላ ነገር አለ። ያኮቭ የሞተ ቀን፣ እሱ ሸራ ተሸፍኖ እግሩ ሥር ደሙ በረዶ እየሆነ ሳለ፣ ቱቦዎቹ ወጡ። የሙያው ደንብ ግልጽ ነው፤ ውሃው ቶሎ ካልተቀዳ ይበላሻል፣ ከሁሉም በፊት ናሙና። እጇ በራሱ ሄደ። ባለ ሽቦ ክዳኑን የመስታወት ጠርሙስ ከዚያ ከገዳዩ ቱቦ ሦስት ጊዜ አለቀለቀች፣ ሞላች፣ ጥርቅም አድርጋ ዘጋች። ከዚያ በኋላ ነው ባሏ አጠገብ የተንበረከከችው። መርከበኞቹ «ድንጋይ ናት» ሲሉ ሰምታለች። ልኬቱ ስለተጣለ ጠርሙሱን የጠየቃት አልነበረም። በያኮቭ የሱፍ ካልሲ ጠቅልላ ከአልጋዋ ሥር አኖረችው፤ መጣልም መለካትም አልሆነላትም።

ስድስተኛው ጣቢያ በደረሱበት ቀን ፀሐይ ወጥታ ነበር። መጋቢት ነው፤ ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ፣ ባሕሩ እየተናወጠ፣ ገመዱና ቱቦው ላይ ግን አንዲት በረዶ የለችም። ማንቆርቆሪያ የያዘም አልነበረም፤ ቲኾን ከዚያ ቀን ወዲህ ሻይ እንኳ በብርጭቆ ተቀድቶ ካልመጣለት አይነካም። አፍንጫው አብጦ፣ ዓይኖቹ ሥር ጠቁሮ፣ ማሽኑ ላይ ተቀምጧል። ፎማ በወንድሙ ቦታ ጠርዙ ላይ ቆሟል።

«ማንቆርቆሪያ! ዛሬ እኔንም ትለቅብኛለህ?» ብሎ ጮኸበት።

«ፎማ፣ ልለምንህ» አለ ቲኾን። «ቱቦው ከጠርዙ በላይ ካልወጣ እጅህን አታስገባ። ፍሬኑ አሁንም እንደዚያው ነው። አመልክቻለሁ፤ የሰማኝ የለም።»

«ፍሬን፣ ፍሬን! የሞተ አፉ ተዘግቷል ብለህ ነው!»

ቱቦዎቹ ወረዱ። ባዝቃው የጥልቁን ሙቀት እስኪለምድ ጠበቁ። ግላፊራ ፖስተኛ የሚሏትን ትንሽ ክብደት ገመዱ ላይ ለቀቀቻት፤ ፖስተኛዋ ተንሸራትታ ቱቦውን ስትመታ ቱቦው ይገለበጣል፣ ይዘጋል፣ የራሱን ፖስተኛ ደግሞ ለቀጣዩ ይለቅቃል። መዳፏን ገመዱ ላይ አድርጋ እያንዳንዷን ምት ከታች ስትመጣ ቆጠረች። ከዚያ ቲኾን መጠቅለል ጀመረ። ፎማ አንድ በአንድ እየፈታ አቀበላት፤ እሷ መደርደሪያው ላይ አቆመቻቸው። ከፎማና ከእሷ በቀር የነካቸው የለም።

ቴርሞሜትሮቹን ለማንበብ ደንቡ ሁሉም እስኪወጣ መጠበቅ ነበር። ቫለሪያን ኦሲፖቪች ግን ትዕግሥት የለውም። ያኮቭን የገደለው ቱቦ ከወረደበት ጥልቀት የመጣው መደርደሪያው ላይ ሲቆም መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ። አነበበ። ደግሞ አነበበ። ፊቱ ደም መሰለ።

«ማነው ደግሞ የፈላ ውሃ የደፋበት?!» ብሎ ጮኸ። «አንድ ዲግሪ! እንዳለፈው! ማነው ይሄ ውሻ?!»

ይሄ ሰው ባለ ብዙ ዲፕሎማ ነው። ዙሪያውን ቢያይ በረዶ የለም፣ ማንቆርቆሪያ የለም፣ ቲኾንም ከማሽኑ ላይ አልተነሣም። ግን ለዓመት የደጋገሙት ነገር ከዓይን ይቀድማል። ፎማ የሰማው «የፈላ ውሃ» የሚለውን ብቻ ነው። ደሙ ፈላ። ቀጣዩ ቱቦ ጠርዙ ላይ እንደተንጠለጠለ ትቶት በሁለት እርምጃ ማሽኑ ጋ ደረሰ፣ ቲኾንን ከመቀመጫው በሁለት እጁ ነቅሎ ወለሉ ላይ ጣለው። ሌሎቹም መጡ። ጫማ፣ ክርን፣ የብረት ቁልፍ። አንዱ የቲኾንን ጣቶች በተረከዙ ሲረግጥ ቲኾን «ፍሬኑን! አንድ ሰው ፍሬኑን ይያዝ!» እያለ ይጮሃል። እሱ ሲጮህ እነሱ ይብስባቸዋል።

ግላፊራ ቴርሞሜትሩን አየችው። ትክክል ነው፤ አለቃው አልተሳሳተም። ግን ከጠርዙ እስከ መደርደሪያው በእጇ ነው የመጣው። ማንም አልደፋበትም። ማንም ሳይደፋበት ዛሬ እንዲህ ካሳየ፣ ያን ጊዜስ?

ያኔ ልትጮህ ትችል ነበር። «ተዉት!» ብትል ይተዉት ነበር፤ በቀሉ የእሷ ነውና። አልጮኸችም። እውነቱን ለመናገር፣ ዓመት ሙሉ ያበላትና ያስተኛት ያ ጥላቻ ነበር፤ በአንድ ቴርሞሜትር ልትሰጠው አልፈለገችም። ማወቅ አለብኝ አለች። በእርግጠኝነት። እየሮጠች ወደ አልጋዋ ወርዳ በካልሲ የተጠቀለለውን ጠርሙስ አወጣች።

ቴርሞሜትርን የፈላ ውሃ ሊያታልለው ይችላል። ተዘግቶ በወጣው ውሃ ላይ ግን ከውጭ የሚደፋ ነገር ጨው አይጨምርበትም። ከምዕራብ የሚመጣው ሞቃት ውሃ ሁልጊዜ ጨዋማ ነው፤ ሙቀትና ጨው በዚያ ባሕር እንደ ባልና ሚስት አብረው ነው የሚገቡት። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው እንደ ወትሮው ጨው ያነሰው ከሆነ ቲኾን ደፍቷል። ጨዋማ ከሆነ ባሕሩ ራሱ ሞቆ ነበር፤ ማንቆርቆሪያው፣ እጀታ መልቀቁ፣ ሁሉም ውሸት ነው።

የላቦራቶሪዋን በር ዘጋች። መጀመሪያ ጨው የምትለካበትን፣ ብር የሟሟበትን ፈሳሽ መፈተን ነበረባት። ጨውነቱ ተለክቶ መስታወት ውስጥ የታሸገውን መደበኛ ውሃ አንገቱን ሰብራ ቀዳች። ከረጅሙ የመስታወት ቧንቧ የብር ፈሳሹን ጠብ፣ ጠብ አደረገችበት፤ ጨው እስካለ ማቅለሚያ የገባበት ውሃ ቢጫ ነው፣ ጨው ሲያልቅ እንደ ሸክላ ይቀላል። ፈሳሿ ደኅና ነበር። ከውጭ አንድ ነገር ግድግዳውን መታ፤ ምናልባት ጭንቅላት። መርከቧ ስትናወጥ ብርጭቆውን በደረቷ ደግፋ ያዘች።

ከዚያ የያኮቭን ጠርሙስ ከፈተች። የክዳኑ ላስቲክ አልላላም፣ ውሃውም ተንኖ ከአንገቱ ዝቅ አላለም። ጠብ። ጠብ። ወትሮ የሚቀላበት ደረሰ፤ አልቀላም። አለፈው። ጠብ። አሁንም ቢጫ ነው። «ቅላ» አለች ጮክ ብላ። «ቅላ እንጂ፣ የተረገምክ!» ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፣ ቀላ። ከሺህ እጅ ሠላሳ አምስት ነጥብ አንድ። በዚያ ጣቢያ፣ በዚያ ጥልቀት፣ በክረምት አይታው የማታውቀው ጨው።

ባሕሩ ሞቆ ነበር። ቲኾን ውሃ አልደፋም፤ እጀታውንም ለቀቀ የሚያሰኝ ነገር አልቀረም። አንድ ሰው ወንጀለኛ ነው ብሎ ለማመን ግማሽ ቀን አልፈጀባቸውም፤ ባሕር ይለወጣል ብሎ ማመን ግን ለአንዳቸውም አልመጣላቸውም። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል። እነሱ ዓመት ሙሉ ሲልሱ ነበር።

ውጭ ቲኾን ጮኸ። ቃል አልነበረውም፣ ጩኸት ብቻ። በሩ ከጀርባዋ ነው። እጇ ግን ሁለተኛውን ብርጭቆ አነሣ። አንድ ልኬት ልኬት አይደለም፣ ወሬ ነው፤ እሷ ራሷ ለስንቱ ተማሪ ስትደጋግመው ኖራለች። ከተሳሳተችስ? ባሏን የገደለውን ነጻ ብትለቀውስ? አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቶሎ፣ አለች። ቀዳች፣ ለካች፣ ጠብ አደረገች። ለሁለተኛ ጊዜ ያው ቦታ ላይ ቀላ። አሁን እርግጠኛ ሆነች። ጠርሙሱን እንደያዘች ወጣች።

ፎማ ቲኾንን ወደ ጠርዙ ጎትቶት ነበር። ያኮቭ በቆመበት አቁሞ፣ ጀርባውን ከብረቱ አጣብቆ፣ በግራ እጁ ጉሮሮውን አንቆ ይዞታል። የቲኾን አንድ ዓይን የለም፤ በቦታው ደም ብቻ ነው። ሌሎቹ ዙሪያውን ቆመዋል። ማሽኑ ላይ ማንም የለም።

«እዚህ ነው የቆመው» ይላል ፎማ። «በል ንገረው። ደፍቻለሁ በለው!»

«ማሽኑን...» አለ ቲኾን በታነቀ ድምፅ። «ፎማ... ማሽኑን እየው...»

«ፎማ!» ብላ ጮኸች ግላፊራ። «ልቀቀው! እሱ አይደለም!»

ፎማ ዞረ። ዞሮም አያት፤ በእጇ ያለውን ጠርሙስም አየ። በዚያች ቅጽበት፣ ሰው ሳይነካው፣ ፍሬኑ ጓ ብሎ ለቀቀ። ሁሉም አዩት። እጀታው ባለበት ቆሟል፣ መጠቅለያው ግን በራሱ ተሽከረከረ። ተንጠልጥሎ የነበረው ቱቦ ወደታች ሲወረወር መቆለፊያው የቲኾንን ኮት ከወገቡ ነከሰ። ቲኾን ሄደ። ፎማ ጉሮሮውን ስላልለቀቀ እጁ በገመዱና በብረቱ መካከል ገባ፤ ሦስት ጣቶቹ ወለሉ ላይ ቀሩ። ገመዱ እያፏጨ፣ እየጨሰ፣ እስከ መጨረሻው ወረደ።

ካፒቴኑ ከመሪው ክፍል ወርዶ እንጨት በማርሹ እስኪያስገቡና ማሽኑን ቀስ ብለው እስኪያስጠቀልሉ ብዙ ቆየ። ቲኾን ከናስ ቱቦዎቹ ጋር አብሮ ወጣ፤ በኮቱ ተንጠልጥሎ፣ ፊቱ ታጥቦ፣ አፉ ተከፍቶ። ፈትተው አስተኙት። አንዱ፣ ጣቶቹን የረገጠው ይመስለኛል፣ ሸራ አመጣና አለበሰው። ያው የያኮቭ ሸራ ነበር።

ፎማ እጁን በሸሚዙ ጠቅልሎ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

«በራሱ ለቀቀ» አለ። «ግላሻ፣ አየሽ? በራሱ ነው የለቀቀው።»

«አየሁ።»

«እርግጠኛ ነኝ ብለሽኝ ነበር።»

«አዎ፣ ብዬህ ነበር።»

«ታዲያ መቼ ነው ያወቅሽው? እሱ አይደለም ያልሽው፣ መቼ አወቅሽ?»

ግላፊራ መዋሸት ትችል ነበር። «ከመጀመሪያው ልኬት ነው ያወቅሁት» አለች። «ሁለተኛ ልለካ ገባሁበት። በሩ አጠገቤ ነበር፤ ሲጮህ እሰማው ነበር።»

ፎማ ያልተቆረጠ እጁን አንሥቶ በጥፊ መታት። ከንፈሯ ተሰነጠቀ። አልሸሸችም፤ ይደግመዋል ብላ ቆመች። እሱ ግን አልደገመውም፤ ተደፍቶ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ሁሉም ዞር አለ።

ቫለሪያን ኦሲፖቪች ከሁሉም ራቅ ብሎ ቆሟል። መነጽሩ አፍንጫው ላይ ነው። ከቲኾን ጋር የወጡት ቱቦዎች ሙሉ ነበሩ፣ እስከ ታችኛው ድረስ። አንዴ እነሱን፣ አንዴ ግላፊራን አየ።

«ግላፊራ ሳቬልዬቭና» አለ በዝግታ። «እንግዲህ... ውሃው ቶሎ ካልተቀዳ...»

ግላፊራ ደሟን ጠረገችና ወደ ቱቦዎቹ ሄደች። ሰዎቹ እያዩዋት ነበር፤ ድንጋይ ያሏት ሰዎች። የመጀመሪያውን ቱቦ ቧንቧ ከፈተች። ከሥሩ ጠርሙስ አላደረገችም። ውሃው ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ሁለተኛውን ከፈተች፣ ሦስተኛውንም፣ ሁሉንም። ከጥልቁ የመጣው ጨዋማ ውሃ የፎማን ጣቶች እየገፋ እስከ ሸራው ጫፍ ደረሰ።

ከዚያ ሸራው አጠገብ ተንበረከከች፤ የቲኾንን የተረገጠ እጅ አውጥታ በሁለት እጇ ያዘችው። ካፒቴኑ ጠጋ ብሎ ምን እንደተፈጠረ ሲጠይቅ ሁሉም ወደ ፎማ አመለከቱ።

«እኔም አለሁበት» አለች ቀና ሳትል። «እሱ በእጁ ነው የገደለው። እኔ በቃሌ ነው፣ በኋላም በልኬቴ። ሁለታችንንም ጻፉን።»